ድስት ለመጣድ ዲግሪ ያስፈልጋልን?



በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ጓደኞቼ ስለ ሀገር ፍቅር፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀም፣ ስለ ሕክምናና ስለ ምሕንድስና ክብር ሲጽፉ አንብቤያለሁ። ሁሉም መልካም ነው። እኔ ግን ዘንድሮ ብዕሬን ያነሣሁበት ነገር ምናልባት ብዙዎቻችሁን ፈገግ ያሰኝ ይሆናል። ይኸውም የድስትና የምጣድ ነገር ነው። ከመሳቃችሁ በፊት ግን እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እኔ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። እናቴ በፍኖተ ሰላም ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ ትንሽ ምግብ ቤት አላት። አባቴ ከቡሬና ከወንበርማ በቆሎና በርበሬ እያመጡ ይነግዳሉ። በጥቅምት ወር መምህራችን ወደፊት ምን መማር እንደምንፈልግ በወረቀት ላይ እንድንጽፍ አዘዙን። አብዛኞቹ ጓደኞቼ ሕክምና፣ ምሕንድስና፣ ሕግ ብለው ጻፉ። እኔም «የምግብ ዝግጅትና የሆቴል አስተዳደር» ብዬ ጻፍሁ። ወረቀቱ ሲነበብ ክፍሉ በሣቅ ተናጋ። አንዱም ከኋላ ሆኖ «እንጀራ ጋግርልን!» ብሎ ጮኸ። ይህ ግን ቀላሉ ነበር።

ማታ ነገሩ ከአባቴ ጆሮ ደረሰ። አባቴ ቁጣ አያውቁም፤ ሲከፋቸው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። በዚያ ምሽትም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሦስት ነገር ጠየቁኝ። «ልጄ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያስተማርሁህ ወንድ ልጅ ሁነህ ማጀት እንድትገባ ነውን? ድስት ለመጣድስ ዲግሪ ያስፈልጋልን? እናትህን ማን አስተማራትና ነው ይህን ሁሉ ሰው የምታበላው?»

ያን ማታ መልስ አልሰጠሁም። አባት ሲናገር አቀርቅሮ መስማት ወግ ነውና። ነገር ግን ጥያቄዎቹ የአባቴ ብቻ ሳይሆኑ የብዙ ወላጆች ጥያቄዎች መሆናቸውን ስለ ተረዳሁ፣ መልሱን በጽሑፍ ለማቅረብ አሰብሁ። አባቴም ይህን መጽሔት በየዓመቱ ያነባሉ።

ከመጀመሪያው ጥያቄ ልጀምር። ለሰው ምግብ አዘጋጅቶ ማቅረብ ለወንድ ልጅ ነውር ነውን? ታሪካችንን ስንመለከት እንዲህ የሚል አናገኝም። በነገሥታቱ ግብር ቤት በሺህ የሚቆጠር ሰው ሲበላና ሲጠጣ፣ እንግዳውን በየማዕርጉ የሚያስቀምጠውና የሚያስተናግደው ወንድ አሳላፊ ነበር። የወጥ ቤት አዛዥና የጠጅ ቤት አዛዥ ከባድ ኃላፊነት የሚጠይቅ ሹመት ነበር። በመስከረም 1880 ዓ.ም. የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ እቴጌ ጣይቱ ብጡል ያዘጋጁት ታላቅ ግብር እስከ ዛሬ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ይነሣል። እቴጌይቱ በአንድ አዳራሽ የብዙ አውራጃ ምግብና መጠጥ ሲያቀርቡ የሀገሪቱን ስፋት በገበታ ላይ ማሳየታቸው ነበር።

በአዲስ አበባ በስማቸው የሚጠራውን የመጀመሪያውን ሆቴል ያቋቋሙትም እኒሁ እቴጌ ናቸው። ያን ጊዜ ሰው በገንዘብ ምግብ ገዝቶ መብላትን እንደ ነውር ይቆጥር ስለ ነበር፣ አፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው እየሄዱ ያስለምዱ ነበር ተብሎ ይተረካል። ያ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ቢጎዳውም ስሙ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቷል። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዳይኖር አዋጅ ማስነገራቸውም የታወቀ ነው። እንግዲህ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ ከመቶ ዓመት በፊት የተዋጉትን ነውር እኛ የሃያ አንደኛው ምዕተ ዓመት ተማሪዎች በክፍል ውስጥ ስናቆየው አያሳፍርምን?

ደግሞም ወንድ ልጅ በሬ ይጥላል፣ ብልት ያወጣል፣ ጠጅ ይጥላል፣ ሥጋ ቤት ከፍቶ ይነግዳል፤ በዚህ ማንም አያፍርበትም። የሚያፍረው ሽንኩርት ሲከትፍ ሲታይ ነው። ቢላዋው ያው ቢላዋ ሆኖ ሳለ ሥጋው ላይ ሲያርፍ ክብር፣ ሽንኩርቱ ላይ ሲያርፍ ውርደት የሚሆንበትን ምክንያት እስካሁን ያስረዳኝ ሰው አላገኘሁም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ አልፋለሁ፤ ሁለተኛውን በኋላ እመለስበታለሁ። እናቴን ማን አስተማራት? ያስተማረቻት አያቴ ናት፤ አያቴን ደግሞ የእርሷ እናት። ይህ ትምህርት እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ዶሮውን በዐሥራ ሁለት ብልት ማውጣት፣ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ውሃውን አድርቆ ማቁላላት፣ በርበሬው ሳያርር ቀለሙን እንዲያወጣ ማድረግ፣ እርሾው መብሰሉን በሽታው ብቻ ማወቅ፣ ይህ ሁሉ ዓመታት የሚፈጅ ዕውቀት ነው። እናቴ እንደ ሙያዋ ቢሆን ዲግሪ የሚገባት ሴት ናት። ነገር ግን ትምህርት ቤት ያልሰጣት አንዳንድ ነገር አለ፤ ይህንንም ያወቅሁት በራሴ ደብተር ነው።

ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሳለ እናቴን እረዳ ነበር። በሂሳብ ትምህርት ስለምወድድ፣ ለአንድ ወር ያህል በየቀኑ የገባውንና የወጣውን ሁሉ በደብተር ጻፍሁ። እናቴ የምትኮራበት ምግብ ዶሮ ወጥ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፉ ሹፌሮች ስሙን ያውቁታል። ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ያህል ሽንኩርት፣ ዐሥራ ሁለት ዕንቁላል፣ በርበሬ፣ መከለሻ፣ ከሰልና የግማሽ ቀን ድካም ይገባበታል። ሂሳቡን ስሠራ ግን አንድ ነገር ጎደለብኝ።

«እማዬ፣ የቅቤው ዋጋ የታል?» አልኋት።

«የእናቴ ቅቤ ደግሞ ይቆጠራል እንዴ? እግዜር ይስጥልኝ ይባላል እንጂ!» አለችኝ።

ቅቤውን በየሁለት ሳምንቱ ከጃቢ ጠህናን ገጠር የሚልኩልን አያቴ ናቸው። እኔም በገበያው ዋጋ አስቤ በደብተሩ ላይ አስገባሁት። ወሩ ሲያልቅ ደብተሩን ዘግተን ብናየው ቤቱን ያቆመው ሽሮው ሆኖ ተገኘ። ዶሮ ወጡ ግን በየሳምንቱ ከሽሮው ትርፍ ላይ ይበላ ነበር። ከዚያም የባሰው፣ ያ ትርፍ መስሎን የኖረው የአያቴ ቅቤ ነበር። አያቴ ቅቤውን ገበያ አውጥተው ቢሸጡት ኖሮ ለራሳቸው ጋቢና መጫሚያ ይገዙበት ነበር። እኛ የሹፌሮቹን ምስጋና ስንሰማ፣ ዋጋውን የሚከፍሉት ከሩቅ ሆነው አያቴ ነበሩ።

እናቴ ይህን ስታይ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ ዶሮ ወጥ የሚሠራው በገበያ ቀንና በትእዛዝ ብቻ ሆነ፤ ለአያቴም የቅቤው ዋጋ በየወሩ ይላካል። አያቴ መጀመሪያ «ልጄ ዕዳ ትከፍለኛለች እንዴ?» ብለው ተቀይመው ነበር፤ ኋላ ግን ተቀበሉ።

እኔ በዚያ ክረምት ያደረግሁት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሚችለው መደመርና መቀነስ ነው። የሆቴል ትምህርት ቤት ግን ይህንኑ የምግብ ዋጋ አተማመን ብሎ በሥርዓት ያስተምራል። ደግሞም የበሰለ ምግብ በምን ያህል ሙቀት መቆየት እንዳለበት ያስተምራል። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት መካከል ጀርሞች በፍጥነት ስለሚራቡ፣ ትኩሱ ትኩስ ሆኖ፣ ቀዝቃዛውም ቀዝቃዛ ሆኖ መቆየት እንዳለበት ይነግራል። ሊጡ በቆላው ፈጥኖ የሚኮመጥጥበትን፣ በደጋው የሚዘገይበትንም ምክንያት ያስረዳል። እናቴ ይህን በልምድ ታውቀዋለች፤ ነገር ግን ለምን እንደ ሆነ ተጠይቃ ለሌላው ማስረዳት ይቸግራታል።

«ሙያ በልብ ነው» ይባላል። ሰው ሥራውን እንጂ አፉን አያስቀድም ለማለት መልካም ምሳሌ ነው። ነገር ግን ሙያ በልብ ብቻ ሲቀር ከባለቤቱ ጋር አብሮ ይቀበራል። የአያቴ እናት የሚያዘጋጁት የስናፍጭ ድልህ ነበር ይባላል፤ ዛሬ አሠራሩን የሚያውቅ ከቤታችን የለም። አልተጻፈማ! የፈረንሣይ ምግብ በዓለም ሁሉ የታወቀው ከኛ ምግብ ስለሚጣፍጥ ብቻ አይመስለኝም፤ ስለ ተጻፈ፣ ስለ ተለካና በትምህርት ቤት ስለ ተሰጠ ጭምር ነው። የኛው ሰው ዮሐንስ ገብረየሱስ በፈረንሣይ ሀገር በሊዮን አጠገብ በሚገኘው በፖል ቦኩዝ ስም በተሰየመው ትምህርት ቤት ተምሮ ወደ ሀገሩ ተመልሷል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ኢትዮጵያ ምግብ መጽሐፍ አሳትሟል። በልደት ስሙ ካሣሁን ጸጌ የተባለው፣ ዛሬ ማርከስ ሳሙኤልሰን በሚል ስም የሚታወቀው ኢትዮጵያዊ ተወላጅ ደግሞ በስዊድን አገር በጉዲፈቻ አድጎ፣ ምግብ ማብሰልን መጀመሪያ ከስዊድናዊት አያቱ፣ ቀጥሎም በጎተንበርግ ከሚገኝ የሙያ ትምህርት ቤት ተማረ። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ ቤተ መንግሥት ለሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር የተደረገውን የእራት ግብዣ ያዘጋጀው እርሱ ነው። አያትና ትምህርት ቤት ሲደጋገፉ የሚሠሩትን ከዚህ መረዳት ይቻላል። አንዱ ሌላውን አይተካም።

እንግዲህ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልመለስ። ድስት ለመጣድ ዲግሪ ያስፈልጋልን? መልሴ አባቴን ምናልባት ያስደንቃቸው ይሆናል፤ ድስት ለመጣድ ዲግሪ አያስፈልግም። ዲግሪ የሚያስፈልገው መቶ ድስት በአንድ ጊዜ የሚጣድበትን ቤት ለመምራት ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች ለይቶ አለማወቅ ብዙ ተማሪ አሳስቷል።

በሀገራችን የሙያ ሥልጠና ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5 የተከፋፈለ ነው። በዚህ መንገድ የሚሄድ ተማሪ ምግብ ዝግጅት፣ ዳቦና ኬክ ሥራ፣ መስተንግዶ፣ የእንግዳ አቀባበል፣ የመኝታ ክፍል አያያዝ እየተባለ በተለየ ሙያ እጁን ያፍታታል፤ መጨረሻም ለብቃት ምዘና ይቀርባል። በዚህ ረገድ ስሙ የቆየው ከሃምሳ ዓመት በላይ ያስቆጠረው፣ ዛሬ የቱሪዝም ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩት የሚባለው የአዲስ አበባው ተቋም ነው። የዲግሪው መንገድ ሌላ ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆቴልና የቱሪዝም አስተዳደር ትምህርት ይሰጣል፤ እዚያ ያለ ተማሪ ሂሳብ አያያዝን፣ የሠራተኛ አስተዳደርን፣ የገበያ ጥናትንና ሕግን ይማራል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የምግብ ምሕንድስናን ያስተምራል፤ ይህ ከፋብሪካ ጋር የተያያዘ እንጂ ከምድጃ ጋር የተያያዘ ትምህርት አይደለም። ሦስቱም መንገዶች ስለ ምግብ ናቸው፤ የሚያደርሱት ግን ወደ ተለያየ ቦታ ነው። ስለዚህ ተማሪው ከሁሉ አስቀድሞ «እኔ የምፈልገው ማብሰል ነው? ማስተዳደር ነው? ወይስ ማምረት?» ብሎ ራሱን መጠየቅ አለበት።

የኔ አስተያየት እጅ ይቅደም፣ ዲግሪ ይከተል የሚል ነው። ይህንንም የምለው በድፍረት አይደለም። በስዊስ አገር በሎዛን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1893 የተከፈተው የሆቴል ትምህርት ቤት በዓለም ከታወቁት ቀዳሚው ነው፤ በዚያም ዲግሪ የሚፈልገው ተማሪ እንኳ መጀመሪያ ነጭ ልብስ ለብሶ በወጥ ቤትና በመስተንግዶ ሥራ እንዲያልፍ ይደረጋል። በአሜሪካም ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሆቴል ትምህርትን ከ1922 ጀምሮ በከፍተኛ ትምህርት ደረጃ ሲሰጥ ቆይቷል። ሽንኩርት ከትፎ የማያውቅ አዛዥ፣ ሽንኩርት ከታፊው ሲያታልለው አያውቅም፤ ሲደክመውም አያዝንለትም።

ትምህርት ቤት ስለ መምረጥ ደግሞ የአክስቴን ልጅ ታሪክ ልንገራችሁ። ይህች እኅቴ ከሦስት ዓመት በፊት ወደ አዲስ አበባ ሄዳ፣ ስሙን መጥቀስ በማልፈልገው አንድ ኮሌጅ የምግብ ዝግጅት ለመማር ተመዘገበች። የመረጠችው በበሩ ላይ በተለጠፈው ማስታወቂያ ነበር። ማስታወቂያው ረጅም ነጭ ቆብ የደፉ ሰዎች ሥዕል ነበረበት። አክስቴ አንድ ጥገት ላም ሸጠው ከፈሉላት። ሁለት ዓመት ስትማር ግን ወጥ ቤት የገባችው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ የቀረውን በተባዛ ወረቀት ተማረችው። ስትጨርስ የተሰጣት ወረቀት ዕውቅና ከሌለው ክፍል የወጣ ሆኖ ስለ ተገኘ ቀጣሪ አልተቀበለውም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እንዲሉ ሆነ። እርሷ ግን ተስፋ አልቈረጠችም። በአንድ ሆቴል ሳሕን አጣቢ ሆና ገብታ፣ ከአንድ ደግ የወጥ ቤት ኃላፊ ሥር ተምራ፣ በልምድ ያገኘችውን ሙያ ለብቃት ምዘና አቅርባ አለፈች። ዛሬ ደመወዝተኛ ናት። የላሟ ዋጋ ግን አልተመለሰም።

ከዚህ የተነሣ ወላጆች ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት አራት ነገር እንዲጠይቁ እመክራለሁ። አንደኛ፣ ተቋሙ ብቻ ሳይሆን ልጃችሁ የሚማርበት የትምህርት ክፍልና ደረጃ ጭምር ዕውቅና እንዳለው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ወይም ከክልላችን የሥራና ሥልጠና ቢሮ አረጋግጡ፤ የግድግዳ ማስታወቂያ ማስረጃ አይሆንም። ሁለተኛ፣ ወጥ ቤቱን አሳዩን በሉ። ስንት ምድጃ አለ? ስንት ተማሪ በአንድ ምድጃ ይሠራል? በሳምንት ስንት ቀን እሳት ይነድበታል? ምድጃው ቀዝቃዛ፣ ድስቱም አዲስ ሆኖ ካገኛችሁት ተጠራጠሩ፤ የሚማሩበት ድስት ጥላሸት ይኖረዋል። ሦስተኛ፣ ተማሪዎቹ ለተግባር ልምምድ ወደየትኛው ሆቴል እንደሚላኩና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆዩ ጠይቁ። አራተኛ፣ ባለፈው ዓመት ከጨረሱት መካከል ሁለት ሦስቱን ፈልጋችሁ አነጋግሩ። እነርሱ የሚነግሯችሁ ከማስታወቂያው ይበልጣል። በዚህ ላይ እንግሊዝኛ ቋንቋን ቸል አትበሉ፤ የሙያው መጻሕፍትም እንግዳውም በብዛት በዚህ ቋንቋ የሚናገሩ ናቸውና።

አንድ የማከብራቸው መምህር ይህን ጽሑፍ በረቂቁ አይተው አንድ ከባድ ተቃውሞ አቀረቡልኝ። «ልጄ፣ እንግዳ የሚመጣው ሰላም ሲኖር ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በደረሰው ግጭት መንገዱ ስንት ጊዜ ተዘጋ? ጎብኚ በሌለበት የሆቴል ትምህርት ምን ይሆናል?» አሉኝ። ይህን ተቃውሞ በቀላሉ ላልፈው አልችልም። የምንኖርባት ከተማ ስሟ «የሰላም ጎዳና» ማለት ነው፤ መንገዱ በተዘጋ ቀን ግን በእናቴ ቤት ምድጃው ተለኵሶ ተመጋቢ ያልመጣበትን ሰዓት ተቀምጬ ቆጥሬአለሁ። ወጡ ለጎረቤት ተከፋፈለ፤ ደብተሩ ላይም በገቢው ረድፍ ባዶ ጻፍሁ። ስለዚህ መምህሬ ያሉት እውነት መሆኑን አምናለሁ።

ሆኖም የምግብ ሙያ ጎብኚን ብቻ የሚጠብቅ አይደለም። ሆስፒታል በሽተኛ ይመግባል፤ ዩኒቨርሲቲ በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎችን በቀን ሦስት ጊዜ ያበላል፤ ፋብሪካ ሠራተኛውን ይቀልባል። በቡሬ የተቀናጀው የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል። በዚያው ዓመት በቡሬ የተመረቀው የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካም በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር የማምረት ዐቅም እንዳለው ተነግሮለታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአዲስ አበባ የሠራው ስካይላይት ሆቴል ከሺህ የሚበልጡ ክፍሎች አሉት። እነዚህ ሁሉ የሠለጠነ እጅ ይፈልጋሉ። ደግሞም ሰላም ሲመለስ እንግዳውን የሚቀበለው አስቀድሞ የተማረ ሰው ነው እንጂ በዚያን ዕለት መማር የሚጀምር አይደለም። የኛ የጾም ምግብ ብቻ እንኳ ሥጋ የማይበላውን የውጭ እንግዳ ሁሉ የሚያስደስት ሀብት ነው፤ ከዓመቱ ቀኖች እኩሌታ የሚያህለውን በጾም የምናሳልፍ ሕዝብ የአትክልትና የጥራጥሬ አሠራር ከማንም አንማርም፤ ማስተማር ግን እንችላለን።

የመጨረሻው ነገሬ ስለ ፈተና ነው። በአገር አቀፉ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ነበሩ። ቁጥሩ ቢሻሻልም የሚበዛው ተማሪ አሁንም ከበሩ ውጭ ይቀራል። በዚህ ምክንያት በከተማችን «ካላለፍህ ሙያ ትማራለህ» የሚል ንግግር ተለምዷል። ይህ ንግግር ሁለት ጥፋት አለው። ያለፈውን ተማሪ ከሙያ ያርቀዋል፤ ያላለፈውን ደግሞ ሙያውን እንደ ቅጣት ቈጥሮት አንገቱን ደፍቶ እንዲማር ያደርገዋል። አንገቱን ደፍቶ የሚማር ሰው ወጡ ይጣፍጣልን?

ስለዚህ እኔ በዚህ መጽሔት ላይ በግልጽ እናገራለሁ፤ ፈተናውን ባልፍም ባላልፍም የምመርጠው ይህንኑ ነው። ካለፍሁ የማላልፍ መስሎኝ የመረጥሁት እንዳይባል፤ ባላልፍም ስለ ወደቅሁ የመረጥሁት እንዳይባል፣ ውጤት ከመውጣቱ በፊት ጽፌ አስቀመጥሁት። መጀመሪያ በሙያ ሥልጠና እጄን ላፍታታ፣ ቀጥዬ ዲግሪውን ልከተል ዐቅጃለሁ። ምኞቴም ከአዲስ አበባ 387 ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው በዚችው ከተማ፣ የምዕራብ ጎጃምን ምግብ ለክቶ፣ ጽፎና ዋጋውን ተምኖ የሚያቀርብ ቤት መክፈት ነው። በዚያም ቤት የአያቶች ቅቤ በሂሳብ ደብተር ላይ ይመዘገባል።

ለትምህርት ቤታችን አስተዳደር አንድ ልመና አለኝ። በቀድሞው ዘመን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከቀለም ትምህርት ጋር የእርሻ፣ የንግድ፣ የእጅ ሥራና የባልትና ትምህርት ይሰጥ ነበር። ያን ሁሉ ዛሬ ማምጣት ባይቻል፣ በዓመት አንድ ቀን የሙያ ቀን ተደርጎ ሐኪሙና መሐንዲሱ በሚጋበዙበት መድረክ ላይ ምግብ አብሳይዋም ትጋበዝ። የምጋብዛት ሰው አስቀድሜ አውቃለሁ፤ ከመናኸሪያው አጠገብ ናት።

ይህን ረቂቅ ከመስጠቴ በፊት ለአባቴ አነበብሁላቸው። እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙ። ተቃወሙ ወይም ፈቀዱ ማለት አልችልም። ብቻ ሲነሡ «ለመሆኑ ያን የቅቤውን ደብተር አሳየኝ፤ የበርበሬውንም ንግድ እንደዚያ አድርገህ ትጽፍልኛለህ?» አሉኝ። እኔም ከማግሥቱ ጀምሬ እጽፍላቸዋለሁ።